91 እና የፌርማ ስህተት

ስድስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ባለፈው ሳምንት የሒሳብ ደብተሯን ይዛ መጣች። የቤት ሥራዋ ብቸኛ ቁጥሮችን መለየት ነው፤ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸውን ማለት ነው። 91 ላይ ስትደርስ «ብቸኛ ነው፣ እለፊው» አልኳት።

«አባዬ፣ 7 ሲባዛ በ13ስ?»

ዜና እያየሁ ነበርና «ነው ካልኩሽ ነው!» ብዬ ጮህኩባት። በማግስቱ ደብተሯን ይዛ የሄደችው አያቷ ዘንድ ነው። እናቴ ሒሳብ ባይሆንላትም ቢያንስ አትቆጣም።

ይቅርታ መጠየቅ ለእኛ ለአባቶች እንዴት እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ከቡና በኋላ ጠራኋትና የአንድ ትልቅ ሰው ስህተት ነገርኳት።

ፒየር ደ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ ቱሉዝ የኖረ የሕግ ሰው ነው። 2 ላይ 1 ጨመረ፤ 3 ሆነ። ሁለት 2ዎችን አባዝቶ 1 ጨመረ፤ 5። አራት 2ዎችን፤ 17። ስምንቱ 257፣ አሥራ ስድስቱ 65,537 ሆኑ። አምስቱም ብቸኛ ናቸው። ታዲያ በዚህ መንገድ የሚገኙት ሁሉ ብቸኛ ናቸው ብሎ አመነ፣ ለወዳጆቹም ጻፈ። ተከታዩ፣ ሠላሳ ሁለት 2ዎች ተባዝተው 1 ሲጨመር፣ 4,294,967,297 ነው። ይህን ማን ቁጭ ብሎ ያካፍላል?

እ.ኤ.አ. በ1732 በሴንት ፒተርስበርግ ይሠራ የነበረው የ25 ዓመቱ ሊዮናርድ ኦይለር፣ ቁጥሩ ለ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አሳየ።

«ሁሉንም እየሞከረ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ደስ አለኝ። ሁሉንም መሞከር አያስፈልግም፤ ይህን ቁጥር ማካፈል የሚችል ብቸኛ ቁጥር ለ64 ሲካፈል የግድ 1 መትረፍ አለበት። ኦይለር ይህን ኋላ ላይ አረጋግጧል። እንዲያ ከሆነ ከ641 በፊት የሚሞከሩት 193፣ 257፣ 449 እና 577 ብቻ ናቸው። ለካ ከዘጠና ዓመት በላይ ሳይነካ የቆየው ነገር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው!

ከዚያ 6,700,417ን በ641 ለማባዛት ተቀመጥን፤ እሷ በአንድ ገጽ፣ እኔ በሌላው። በ600፣ በ40፣ በ1፣ በመጨረሻ መደመር። እናንተም ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት፤ ካልኩሌተር ግን አይነካም። የእሷ 4,294,967,297 መጣ። የእኔ በ1,000 ጎደለ።

ወረቀቴን ስባ አየችው። «መቶ ቤት ላይ 2፣ 6 እና 4 ስትደምር በእጅህ የያዝካትን 1 ረሳሃት።»

እውነቷን ነው። «91ም ብቸኛ አይደለም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችና ደብተሯን ገለጠችልኝ። 7 × 13 ብላ ጽፋለች፤ መምህሯም ራይት አድርገውላታል።