ሆቴሉን ማን ይምረጠው?

የትምህርት ቤቶች መዘጊያ ሲቃረብ በየቤቱ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ «ልጆቹን ወዴት እንውሰዳቸው?» የሚለው ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በአሜሪካ ደግሞ ልጆች ለዚህ ጥያቄ አዘውትረው የሚሰጡት መልስ «ኦርላንዶ!» የሚል ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ በሚገኘው በዚህ ከተማ አካባቢ ታላላቅ የመዝናኛ ፓርኮች አሉ። በፓርኮቹ አጠገብም በተረት፣ በፊልም ወይም በአንድ አገር አምሳል የተሠሩ ሆቴሎች ተደርድረዋል። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ስለ እነዚህ «የተረት ሆቴሎች» ነው።

«አዲስ አበባ ለምንኖረው ይህ ምን ይረባናል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይሁን እንጂ የልጅ ልጆቻቸውን ለማየት ባሕር ተሻግረው የሚሄዱ እናቶች ዛሬ ጥቂቶች አይደሉም። በእንዲህ ዓይነቱ የቤተሰብ ጉዞ ላይ የሚረሱትም ብዙውን ጊዜ እነርሱ ናቸውና ጉዳዩ እኛንም ይመለከተናል።

ነገሩን ከራሳችን ቤት ልጀምር። እኅቴ የምትኖረው ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ክረምት እናታችን ሊጠይቋት ሲሄዱ እኔም አብሬ ሄጄ ነበር። እኅቴ የሌሊት ፈረቃ እየሠራች በሁለት ዓመት ያጠራቀመችውን ገንዘብ ይዛ ሁላችንንም ኦርላንዶ ልትወስደን ቆርጣ ተነሣች። ሆቴሉን የመረጡት ልጆቹ ናቸው። የመረጡትም በፎቶግራፍ ነው። አልጋው የሠረገላ ቅርጽ ያለው፣ ግድግዳው ላይ ቤተ መንግሥት የተሣለበት ክፍል አይተው «ይሄ! ይሄ!» አሉ። እናታቸውም ቅር እንዳይላቸው ብላ እሺ አለች።

ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ተጉዘን ስንደርስ አንዱ ክፍል ከአራት ሰው በላይ አያሳድርም ተባለ። እኛ ስድስት ነበርንና ሁለት ክፍል ለመከራየት ተገደድን። ከኪራዩ ሌላ «የመዝናኛ አገልግሎት» የሚባል ክፍያ በየሌሊቱ ተጨመረ፤ ለመኪና ማቆሚያም ለብቻው ተከፈለ። ክፍሎቹ ከዋናው መግቢያ የራቁ በመሆናቸው ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናታችን ቁርስ ቤት እስኪደርሱ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ያርፉ ነበር። ጊዜው ፍልሰታ ስለነበረም ከሚቀርበው ምግብ የሚሆናቸው አልተገኘም፤ አራት ቀን በዳቦና በሙዝ ሰነበቱ። ልጆቹ ከጧት እስከ ማታ ፓርክ ውስጥ ስለሚውሉ ያን የሠረገላ አልጋ የሚያዩት ዓይናቸው በእንቅልፍ ሲከደን ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሠረገላውን ሲመለከቱ የሚውሉት እናታችን ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ማታ እኅቴ «እማዬ፣ ደስ አለሽ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ደስ ብሎኛል ልጄ» አሉ። «ብቻ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ግድግዳ ለሚያመጣኝ መንገድ ይህን ሁሉ ገንዘብ ባታፈሺ ኖሮ!»

እኅቴ መታጠቢያ ቤት ገብታ አለቀሰች። የሁለት ዓመት ሌሊት የሄደው ለዚህ ነበርና።

ከዚያ ጉዞ ያገኘነው ትምህርት አንድ ነው። ይኸውም ሆቴሉን መምረጥ የሚገባው ፓርክ ውስጥ የሚጫወተው ሰው ሳይሆን የማይጫወተው ነው የሚል ነው። ሲሯሯጥ የዋለ ልጅ የትም ቢያስተኙት ይተኛል። አያት፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ግን አብዛኛውን ቀን የሚያሳልፉት ሆቴሉ ውስጥ ነው። ቁመቱ ያልደረሰ ሕፃንም ከዚሁ ይቆጠራል። ለምሳሌ በዲዝኒ ፓርክ ውስጥ ያለው «ስፔስ ማውንቴን» የተባለው ፈጣን ባቡር ቁመቱ 112 ሴንቲ ሜትር ያልሞላውን ልጅ አያሳፍርም። ታላቁ ሲሳፈር ታናሹ ከአንድ ሰው ጋር ውጭ ይቀራል ማለት ነው።

ለመሆኑ እነዚህ ሆቴሎች እንዴት ተጀመሩ? ዋልት ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1955 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዲዝኒላንድን ሲከፍት ሆቴል የሚሠራበት ገንዘብ ስላልነበረው ሥራውን ጃክ ራዘር ለተባለ ባለሀብት ሰጠ። ሆቴሉም በዚያው ዓመት ሥራ ጀመረ። ዋልት ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ፣ ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ኦርላንዶ አጠገብ የተከፈተው ዋልት ዲዝኒ ዎርልድ ግን ገና ከመነሻው የራሱ ሁለት ሆቴሎች ነበሩት። አንደኛው የደቡብ ባሕር ደሴቶችን መንደር፣ ሁለተኛው የመጪውን ዘመን ከተማ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ነበር። የባለቤቶቹ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ እንግዳው ከፓርኩ ሲወጣ ከተረቱ እንዳይወጣ፣ ገንዘቡም ከግቢው እንዳይወጣ ነው። ይህን ማወቅ ለቤት አስተዳዳሪ ይጠቅማል። ጌጡ ስጦታ ሳይሆን እንደማንኛውም ዕቃ የሚሸጥ ነገር ነውና «ለማን ይጠቅማል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አሁን ጥቂቶቹን በዚህ ዓይን እንመልከት።

ቤተሰቡ ብዙ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተው የዲዝኒ «አርት ኦፍ አኒሜሽን» ሊታሰብ ይገባዋል። እንደ አንበሳው ንጉሥ ባሉ የካርቱን ፊልሞች አምሳል የተሠሩት የቤተሰብ ክፍሎቹ ስድስት ሰው ያሳድራሉ። ሁለት መታጠቢያ ቤት፣ ማቀዝቀዣና ምግብ ማሞቂያ ማይክሮዌቭ አላቸው። ጧት ስድስት ሰው በአንድ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው የሁለተኛው ጥቅም ይገባዋል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ከሆቴሉ አጠገብ በሽቦ ገመድ ላይ የሚሄድ ማመላለሻ ወደ ሁለት ፓርኮች ያደርሳል። ነገር ግን መብረቅ ሲኖር ማመላለሻው ይቆማል፤ በፍሎሪዳ ክረምት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ስለሆነ ይህ መታወቅ አለበት። እንዲሁም በዚሁ ሆቴል ውስጥ አራት ሰው ብቻ የሚይዙ ሌሎች ክፍሎች ስላሉ ስሙን ብቻ አይቶ መከራየት ያሳስታል።

ወደ ዩኒቨርሳል ፓርኮች ለሚሄድ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው «ካባና ቤይ» አለ። አምሳሉ እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ የአሜሪካ የመንገድ ዳር ሆቴል ነው። በሩ ላይ የቆሙትን አሮጌ አውቶሞቢሎች ያየ ሽማግሌ የወጣትነቱን ዘመን ማስታወሱ አይቀርም። እዚህም ስድስት ሰው የሚይዙ፣ ማቀዝቀዣና ማይክሮዌቭ ያላቸው ክፍሎች ይገኛሉ። ፓርክ ያልሄደ ሰው በዝግታ የሚፈስ የመዋኛ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ሊውል ይችላል። የቦውሊንግ ጨዋታውና የመኪና ማቆሚያው ግን ለየብቻቸው ይከፈልባቸዋል።

ልጆቹ ትንንሾች ከሆኑ ደግሞ ዊንተር ሄቨን በተባለችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2015 የተከፈተው የሌጎላንድ ሆቴል ከሌሎቹ ይለያል። ይህ ስፍራ በተለይ ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላሉ ልጆች የታሰበ ነው። ክፍሎቹ ውስጥ ለልጆች ተደራራቢ አልጋ ያለበት የራሳቸው ማደሪያ ተለይቶ ተሠርቷል፤ ስለዚህ ልጆቹ ሲተኙ ወላጆች መብራት አጥፍተው በጨለማ መቀመጥ የለባቸውም። ቁርስ ከኪራዩ ጋር ይታሰባል። ሆቴሉ ከፓርኩ በር ጥቂት እርምጃ ብቻ ስለሚርቅ ሕፃን ሲደክመው መልሶ ማስተኛት ይቻላል። ጉድለቱ ከኦርላንዶዎቹ ፓርኮች የራቀ መሆኑና የልጆች ጫጫታ የማይለየው መሆኑ ነው፤ ጸጥታ ለሚወዱ አረጋውያን አይመችም።

አረጋዊ ላለበት ቤተሰብ ከሁሉም የተለየው ግን እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተው የዲዝኒ «አኒማል ኪንግደም ሎጅ» ነው። የአፍሪካን መንደር እንዲመስል በሣር ክዳን አምሳል የተሠራው ይህ ሆቴል በግማሽ ክብ የተቀመጠ ነው። ከፊቱ ባለው ሰፊ መስክ ቀጭኔ፣ የሜዳ አህያ፣ ሰጎንና ሌሎችም እንስሳት ይሰማራሉ። በመስኮት መስኩን የሚያሳዩት ክፍሎች ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው። ሆኖም በርካሹ ክፍል ያደረ እንግዳም ቢሆን ለሁሉ ወደተዘጋጀው መመልከቻ ወጥቶ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሲመለከት መዋል ይችላል። ወደ ፓርኮቹ የሚያደርሰው ማመላለሻ አውቶቡስ ብቻ በመሆኑ ጊዜ ይወስዳል፤ ኪራዩም ከፍ ካሉት ወገን ነው። ስለዚህ ገንዘብ የሚቆጥር ቤተሰብ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ብቻ ቢያድርበት ይበቃዋል።

ከመከራየት በፊት መጠየቅ ያለባቸውን ነገሮች እንደሚከተለው እናስታውሳለን።

አንደኛ፣ የሰው ቁጥር ነው። ክፍሉ ስንት ሰው በሕግ ያሳድራል? ስንት አልጋ፣ ስንት መታጠቢያ ቤት አለው?

ሁለተኛ፣ ጠቅላላ ዋጋው ነው። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2025 ጀምሮ በአሜሪካ ሆቴሎች ግዴታ የሆኑ ክፍያዎችን ሁሉ ደምረው ገና ዋጋ ሲያስታውቁ እንዲያሳዩ በፌዴራል ደንብ ታዘዋል። ሆኖም የመንግሥት ታክስና በፈቃድ የሚወሰዱ አገልግሎቶች ላይደመሩ ስለሚችሉ ጠይቆ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቀድሞ ዲዝኒ ከአውሮፕላን ማረፊያ እንግዶቹን በነፃ ያመላልስበት የነበረው አውቶቡስም ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ቀርቷል።

ሦስተኛ፣ እርምጃ ነው። ክፍሉ ከአሳንሰሩ፣ ከምግብ ቤቱና ከአውቶቡሱ ምን ያህል ይርቃል? «የምታመም እናት አለችን፣ ቀረብ ያለ ክፍል ስጡን» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ አያሳፍርም። እድሳት ላይ ያለ ክፍል መኖር አለመኖሩንም አብሮ መጠየቅ ይገባል።

አራተኛ፣ ምግብ ነው። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉበት ጊዜ ከፍልሰታ ጾም ጋር ይገናኛል። በዲዝኒ ምግብ ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ የሆነ ምግብ በዝርዝሩ ላይ በአረንጓዴ ቅጠል ምልክት ይታወቃል። በመኪና ለሚሄዱ ደግሞ እንጀራና ሽሮ በበረዶ ሳጥን ይዞ በማይክሮዌቭ ማሞቅ ወጪውንም ይቀንሳል። በሆቴል ክፍል ውስጥ ከሰል ማቀጣጠልም ሆነ ዕጣን ማጨስ የተከለከለ ስለሆነ ቡናው ቤት ተቆልቶና ተፈጭቶ ይሂድ።

አምስተኛ፣ እረፍት ነው። ከቀትር በኋላ ልጆቹን መልሶ ለሁለት ሰዓት ማስተኛት ካልተቻለ የሆቴሉ ቅርበት ጥቅም የለውም። በዲዝኒ ሆቴሎች ያደሩ እንግዶች ከሌላው ሰው 30 ደቂቃ ቀድመው ፓርክ ይገባሉ። ይህን ዕድል የሚጠቀምበት ግን በማለዳ የሚነሣ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 እኅቴ ሁለተኛውን ጉዞ ስታስብ ፎቶግራፍ ለማንም አላሳየችም። በመጀመሪያ «እማዬ፣ እኛ ፓርክ ስንሄድ አንቺ ምን ብታደርጊ ትወጃለሽ?» ስትል ጠየቀቻቸው። እናታችንም «የምቀመጥበት ጥላ፣ የማየው ነገርና ለቡናዬ የፈላ ውሃ ካለ ምን እፈልጋለሁ?» አሉ። በዚህ መሠረት ሦስቱን ሌሊት ርካሽ ሆቴል፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሌሊቶች ደግሞ ባለ ቀጭኔው ሆቴል በርካሹ ክፍል አደርን።

በመጀመሪያው ጧት ስንነቃ እናታችን አልጋቸው ላይ የሉም። እኅቴ ደንግጣ ወጣች። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ቡናቸውን በወረቀት ኩባያ ይዘው መመልከቻው ላይ ተቀምጠዋል። አንዲት ቀጭኔ ከነግልገሏ ፊት ለፊታቸው ቅጠል ትበላለች። «ዝም በይ፣ እንዳትደነግጥ» አሏት። «ይህቺ እናት ልጇን አስቀድማ ሳታበላ አትበላም። ከንጋት ጀምሮ አይቻታለሁ።»

ልጆቹ በዚያን ቀን ከፓርክ የተመለሱት ገና በስድስት ሰዓት ነው። ማንም አላስገደዳቸውም፤ አያታቸው ለእንስሳቱ ያወጡላቸውን ስሞች ለመስማት ቸኩለው ነው። እኅቴም ከሁለት ዓመት በፊት የጠየቀችውን ጥያቄ እንደገና አልጠየቀችም፤ አጠገባቸው ተቀምጣ ሁለተኛውን ቡና ቀዳችላቸው።

እንግዲህ ውድ እኅቶች፣ በዘንድሮው እረፍት ለጉዞ የምትዘጋጁ ሁሉ፣ ሆቴሉን ከመምረጣችሁ በፊት ከቤተሰባችሁ መካከል የሚቀረው ማን እንደሆነ አስቡ። አስባችሁም ዝም አትበሉ፤ ራሱን ጠይቁት። ለሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ሰላም ሰንብቱ።