«ሰዉ ይወደዋል»፦ ለመሆኑ ሰዉ ማን ነው?

ጎበዝ፣ በከተማችን አዲስ ሥራ ሲታሰብ መጀመሪያ የምትነገረው ዓረፍተ ነገር የትኛዋ እንደሆነች ታውቃላችሁ? «ሰዉ ይወደዋል» የምትለዋ ናት። ጭማቂ ቤት ሊከፈት ነው? ሰዉ ይወደዋል። በስልክ የሚታዘዝ ክትፎ? ሰዉ ይወደዋል። «ሰዉን ጠይቃችሁታል?» ስንል መልሱ ዝግጁ ነው፤ «አዎ፣ ጓደኞቻችንን።» በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ የእቁብ ብር ይፈስሳል፣ የእናት ወርቅ ይሸጣል፣ ዓረብ አገር ያለች እህት የላከችው ገንዘብ ይገባል። ከስድስት ወር በኋላ በሩ ላይ «የሚከራይ» የሚል ወረቀት ይለጠፋል።

እኛ የዚህ ዘመን ምሩቃን ስታቲስቲክስ አልተማርንም አይባልም። ቀመሩ ሰሌዳ ላይ ተጻፈ፣ ገለበጥነው፣ ተፈተንን፣ አለፍን፣ ከዚያ ተለያየን። አሁን ደግሞ ኤስፒኤስኤስ በጥቂት ሳምንት የሚያስተምር ሥልጠና በሽ ነው። ሶፍትዌሩን መልመድ አይከፋም። ኮምፒውተሩ ግን የሰጡትን ያሰላል እንጂ «እነዚህን ሰዎች ከየት አመጣችኋቸው?» ብሎ አይጠይቅም። ይህን መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው፤ ትምህርቱም መጀመር ያለበት ከዚህ ነው እንላለን።

«ብዙ ሰው ከተጠየቀ ምን ችግር አለ?» የሚል አይጠፋም። እንግዲህ የአሜሪካውን «ሊተራሪ ዳይጀስት» መጽሔት እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1936 ለፕሬዚዳንታዊው ምርጫ 10 ሚሊዮን ገደማ መጠይቅ በፖስታ ላከ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ መጣለት። «ላንደን ያሸንፋል» አለ። ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። ለምን? ስሞቹ በብዛት የተለቀሙት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር። በዚያ የድህነት ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም። በዚያ ላይ መጠይቁን ሞልቶ የመለሰው ከአራት ሰው አንዱ እንኳ አልነበረም። እጅግ ባነሰ ናሙና የሠራው ጆርጅ ጋሎፕ ግን አሸናፊውን በትክክል ተንብዮ ነበር።

እናቶቻችን ይህን ያለ ቀመር ያውቁታል። የወጡን ጨው ለማወቅ ድስቱን መጨረስ አያስፈልግም፤ አንድ ጭልፋ ይበቃል። ግን መጀመሪያ ይማሰላል። ከላይ የሰፈፈውን ቅቤ ብቻ የቀመሰ ስለ ወጡ ምንም አላወቀም።

ዛሬ እኛ አገር «ጥናት» የሚባለው ብዙ ጊዜ ያው የሰፈፈው ቅቤ ነው። ቴሌግራም ላይ ድምፅ አሰጥተው «ደንበኞቻችን ይህን መረጡ» ይሉናል። ሾላ ገበያ ጤፍ የሚሸጡት እናት እዚያ ቻናል ውስጥ የሉም፤ ዳታ ሲያልቅባት ስልኳን የምታጠፋዋ ተማሪም የለችም። ጣጣው የወጣት ነጋዴዎች ብቻም አይደለም። ትልልቅ ጥናቶች ናሙናቸውን የሚያወጡበት ካርታ ከሕዝብ ቆጠራ የሚመጣ ነው። ሦስተኛው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ይካሄዳል ተብሎ የታቀደው አራተኛው ደጋግሞ ተራዘመ። በ1999 የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ገና አልነበረም። በዚያ ካርታ ናሙና የሚያወጣ ሰው ስንቱን መንደር እንደሚዘል አስቡት።

የተጠየቀው ሰው ትክክል ሆኖ ጥያቄው የሚሳሳትበት ጊዜም አለ። ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1985 ወደ 200,000 ሰው አስቀምሶ፣ አዲሱ ጣዕም እንደተወደደ አረጋግጦ፣ የድሮውን ከገበያ አነሳ። ሕዝቡ ተቆጣ። በ79ኛው ቀን የድሮው እንደሚመለስ ታወጀ። «የቱ ይጣፍጣል?» ማለትና «የለመዳችሁትን ብንወስድባችሁስ?» ማለት ለየቅል ናቸው።

«ይህ ለሀብታም ኩባንያ ነው፤ እኛ የት አቅም አለን?» የምትሉ አላችሁ። አቅሙ ትንሽ የሆነ ሰው ይበልጥ ያስፈልገዋል፤ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ደግሞም የትንሽ ናሙና ስሌት የተወለደው ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ዊልያም ጎሴት የሚባል የዱብሊኑ ጊነስ ባለሙያ፣ በጥቂት ሙከራ ስለ ገብስና ብቅል መወሰን ነበረበት። ዛሬ ቲ-ቴስት የምንለውን ዘዴ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም አሳተመው።

እስቲ በእኛው እንሞክረው። ከሰፈሩ ሰው 40ውን በዕጣ መርጣችሁ ጠየቃችሁ፤ 24ቱ «እንገዛለን» አሉ። ይህ 60 በመቶ ነው። ስሌቱ ግን እውነተኛው ቁጥር ከ45 እስከ 75 በመቶ መካከል ሊሆን ይችላል ይላችኋል። በ45 በመቶ የቤት ኪራዩ ይሸፈናል? ካልተሸፈነ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት እንደገና ጠይቁ። ግምቱን በግማሽ ለማጥበብ አራት እጥፍ፣ ማለትም 160 ሰው ያስፈልጋል። ካፌ ያላችሁ ደግሞ የማኪያቶ ዋጋ ጨምራችሁ ውጤቱን ስትመዝኑ የረቡዕን ሽያጭ ከሐሙስ ጋር አታወዳድሩ። ረቡዕ ጾም ነው፤ ረቡዕን ከረቡዕ፣ ዓርብን ከዓርብ ጋር አስተያዩ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና ትዕግሥት ነው።

ይህን ሁሉ የምንለው ቁጥር ስለምንወድ አይደለም። ግምቱ ሲከሽፍ የሚከፍለው የገመተው ሰው ብቻ ስላልሆነ ነው። የእቁቡ ዕዳ ይቀራል፣ የእናት ወርቅ አይመለስም፣ ከገጠር መጥታ ያን ካፌ ተማምና ቤት የተከራየችው አስተናጋጅ ሜዳ ላይ ትወድቃለች።

ስለዚህ ነገ አንድ ወዳጃችሁ «አጥንተናል፣ ሰዉ ይወደዋል» ሲላችሁ አትቆጡት፤ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁት። ማንን ጠየቅህ? ማን ቀረ? ምን ብለህ ጠየቅህ? «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላሉ አበው። ቁጥርም ቢሆን ወሬ ነው፤ መላ እስኪጨመርበት ድረስ።

ቸር ያሰንብተን!