ቃልን መሸምደድና ቃልን ማወቅ

በዩኒቨርሲቲያችን ዘወትር ከሚሰሙት አቤቱታዎች አንዱ የእንግሊዝኛ ቃላት ማነስ ነው። አስተማሪዎቻችን ተማሪው ጥያቄውን አንብቦ አይረዳም ይላሉ፤ ተማሪዎችም ነገሩን ብናውቀው እንኳ የምንገልጽበት ቃል አጣን ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነታቸውን ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ለማሳሰብ የምንፈልገው፥ ችግሩ ከቃላቱ ቍጥር ይልቅ ቃላቱን ከምንማርበት መንገድ የመጣ መሆኑን ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ እንመልከተው። ከሰላ ድንጋይ ወይም ከሌላ የሰሜን ሸዋ ከተማ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመጣ ተማሪ ትምህርቱን የጀመረው በአማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ለእርሱ ከብዙ ትምህርቶች አንዱ ብቻ ነበረ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲጀምሩ ማድረጉ መልካም ነገር ነው። ዳሩ ግን ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክሱም፥ ታሪኩም፥ ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። በአማርኛ ጠያቂና ተከራካሪ የነበረው ልጅ ያን ጊዜ ዝም ይላል፤ ዝምታውንም ብዙ ሰው አለማወቅ አድርጎ ይቈጥረዋል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነውና ሁሉንም በቋንቋ ላይ አንጭንም። ነገር ግን ጥያቄው ያልገባው ሰው መልሱን በልቡ ቢያውቀውም እንኳ ሊጽፈው እንደማይችል ማንም አይክድም።

ታዲያ ይህ ተማሪ ምን ያደርጋል? በደብተሩ መካከል መስመር ያሰምርና በግራ እንግሊዝኛውን፥ በቀኝ አማርኛውን ይደረድራል። ሌሊቱን ሲሸመድድ ያድራል፤ በሳምንቱ ግማሹን ይረሳዋል። ያልረሳውም ቢሆን ያሳስተዋል። ለምሳሌ ያህል «ፓወር» የሚለውን ቃል «ሥልጣን» ብሎ የያዘ ተማሪ ሒሳብ ክፍል ሲገባ ያው ቃል አንድ ቍጥር ስንት ጊዜ በራሱ እንደሚባዛ የሚያመለክት ሆኖ ያገኘዋል፤ ፊዚክስ ክፍል ደግሞ ሥራ ለጊዜ ተካፍሎ የሚገኝ መጠን ይሆንበታል። ቃሉን ሸምድዶታል እንጂ አላወቀውም። ስልካችን በቅጽበት ይተረጕምልናል የሚሉ ጓደኞቻችንም ይህን ቢያስቡ መልካም ነው። የስልክ ትርጕም ለዕለቱ ያሻግራል፤ ከፈተና አዳራሽ ግን አብሮን አይገባም።

የተሻለ መንገድ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አባቶቻችን በቤት የማይነገረውን ግእዝን ለብዙ ዘመን ሲያስተምሩ ኖረዋል። የቅኔ ተማሪ ግስ ሲማር አንዱን ቃል ነጥሎ አይዝም፤ ከነእርባታው፥ ከነዘመዶቹ ይይዘዋል። «ቀደሰ» ያለ ተማሪ «ቅዱስ»ንም፥ «ቅዳሴ»ንም፥ «መቅደስ»ንም አብሮ ያገኛል። ከዚህም የሚበልጠው፥ የያዘውን ቃል ሳይውል ሳያድር ሥራ ላይ ማዋሉ ነው። ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ዛሬ የታረመበት ተማሪ ነገ ሌላ ቈጥሮ ይመጣል እንጂ አፍሮ አይቀርም።

ሰላ ድንጋይም ለዚህ ነገር ባዕድ አይደለችም። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫ በነበረችበት ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. በ1842 ሚስዮናዊው ክራፕፍ ከአንኮበር ተነሥቶ ሲጓዝ በዚያ አልፏል። በሸዋ የሥራ ባልደረባው የነበረው ኢዘንበርግ ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱን በለንደን አሳትሞ ነበር። እነዚህ ሰዎች ጀርመኖች ናቸው፤ አማርኛም እንግሊዝኛም በትምህርት ያገኟቸው ቋንቋዎች እንጂ የእናታቸው ቋንቋዎች አልነበሩም። እንግሊዝኛ በሥራ እንጂ በትውልድ ብቻ የሚገኝ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የሥራውም ልክ የታወቀ ነው። ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ዝርዝር ለተማሪ ከሁሉ የሚቀድሙትን 2000 ያህል ቃላት ለይቷል። አቬሪል ኮክስሄድ የተባለችው ምሁር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ለከፍተኛ ትምህርት መጻሕፍት የሚያስፈልጉ 570 የቃል ቤተሰቦችን አውጥታለች፤ እነዚህም በትምህርት መጽሐፍ ውስጥ ካሉት ቃላት 10 ከመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። «አናላይዝ»፥ «አናሊሲስ»፥ «አናሊቲካል» በዚህ አቈጣጠር አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ይኸውም የቅኔ ቤቱ እርባታ ማለት ነው። በቀን 5 ቤተሰብ ብንይዝ 570ው በ114 ቀን ያልቃል። ይህም አራት ወር አይሞላም።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን። በመጀመሪያ፥ የተማሪዎች ኅብረታችን በየትምህርት ክፍሉ አምስት አምስት ተማሪዎች ያሉባቸው የቃላት ማኅበሮች ያቋቁም። እያንዳንዱ አባል በያዘው ቃል ሁለት ዐረፍተ ነገር ከራሱ ትምህርት ጽፎ ይምጣና ያንብብ፤ ጓደኞቹም ያርሙት። ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለኀምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሁለተኛ፥ ወልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመውን፥ ቃላትን በዐረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ የሚያሳየውን የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት የመሰለ መጽሐፍ ለማኅበሮቹ መጠቀሚያ እንዲቀርብ ኅብረቱ ይጠይቅ።

የተከበራችሁ አስተማሪዎቻችን ደግሞ በየትምህርቱ መጀመሪያ የዕለቱን አምስት ዋና ቃላት ከነትርጕማቸው በሰሌዳ ላይ እንድትጽፉልን በትሕትና እንለምናለን። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ የተዘጋውን የብዙ ተማሪ ጆሮ ግን ይከፍታል።

በመጨረሻም ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን የምንለው አንድ ነገር አለ። እንግሊዝኛን አሳምሮ መናገር የአእምሮ መለኪያ አይደለም፤ እንግሊዝኛን ንቆ መተውም የአገር ፍቅር ማስረጃ አይሆንም። ከገጠር የመጣው ጓደኛችን ተነሥቶ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሲጠይቅ የሚስቅበት ሰው ያን ተማሪ ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ኋላ የተቀመጡትን ዐሥር ዝምተኞች ዝም ያሰኛል። እንግዲህ ሣቁን ትተን እርማቱን እንስጥ። ቃል የሚታወቀው ሲነገር ነውና።