ጨቅላውን የሚይዘው ብርድ ሳይሆን እጃችን ነው

ጨቅላ ሕፃን ሲያስል «ብርድ መታው» እንላለን፤ መስኮት እንዘጋለን፣ ጋቢ እንደርባለን። በሽታውን የሚያመጣው ግን ነፋስ ሳይሆን ሰው ነው። አር.ኤስ.ቪ. የተባለው የመተንፈሻ አካል ቫይረስ 2 ዓመት ሳይሞላው የማይዘው ልጅ የለም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ የአሜሪካ ጥናት መንገዱን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል፦ የታመሙ ሕፃናትን ካቀፉ 7 ጤነኛ ሰዎች 5ቱ፣ የሕፃናቱን አልጋና ዕቃ ብቻ ከነኩ 10 ሰዎች 4ቱ ሲያዙ፣ ራቅ ብለው ከተቀመጡት 14 ሰዎች አንድም አልተያዘም። ቫይረሱ ጠንካራ ዕቃ ላይ ለሰዓታት ይቆያል፤ በእጅ ተሸጋግሮ በዓይንና በአፍንጫ ይገባል።

«መያዙ ካልቀረ ምን ያስጨንቃል?» የሚል ይኖራል። ቁም ነገሩ መቼ የሚለው ነው። የ2 ወር ሕፃን የአየር ቧንቧ እጅግ ጠባብ ስለሆነ በትንሽ እብጠትና አክታ ይደፈናል፤ ከፍ ላለው ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተራ ጉንፋን ሆኖ ያልፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ የዘገየ ወር ትርፍ ነው። አራስ መጠየቅ ይቅር አልልም፤ እናቲቱን የሚያበረታት ጠያቂ ነው። ጉንፋን የያዘው ዘመድ ግን እስኪሻለው ይቆይ፤ ጤነኛውም እጁን በሳሙና ታጥቦ ይታቀፈው፣ ፊቱን አይሳመው። ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ታላላቆቹም ሳይታጠቡ አይንኩት፤ ቫይረሱን ብዙ ጊዜ ወደ ቤት ይዘው የሚገቡት እነሱ ናቸውና።