«ሰነፍ» ያላችሁት ልጅ

ሳሪስ ውስጥ «ሰነፍ» እየተባሉ ክፍል የሚደግሙ ልጆች አሉ። ሒሳብ በቃል ሲጠየቁ የሚቀድማቸው የለም፤ ሰሌዳው ላይ ግን «ሰ» ከ«በ» ይምታታባቸዋል።

ይህ ስንፍና አይደለም። ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር ሊሆን ይችላል። የገበታውን 231 ፊደል ከክፍሉ ጋር በዜማ ስላሉት ያወቁ ይመስለናል፤ ነጥለን ስንጠይቃቸው ሲጠፋባቸው ኩርኩም! የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 በትምህርት ቤት የአካል ቅጣትን ከልክሏል እኮ። ወላጅም ካርድ አይቶ ቀበቶ ይፈታል፤ ሲበርድለት አስጠኚ ይቀጥራል፣ አስጠኚውም ያንኑ በዚያው መንገድ ይደግማል።

ክፍሉ መታጨቁን እናውቃለን። ጥያቄውን ጮክ ብሎ ማንበብ፣ በቃል መልስ መቀበል፣ ሃያ ደቂቃ መጨመር ግን በጀት አይጠይቅም። የሳሪስ ወላጅ መምህር ኅብረቶች ይህን ከሴሚስተሩ ፈተና በፊት ለርዕሳነ መምህራኑ ያቅርቡ። እምቢ የሚል ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ።