መርጋት መጽናት አይደለም

የተፈጥሮ ሰም በሞቀ ዘይት ውስጥ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ እጅግ ደቃቅ ወደሆኑ ክሪስታሎች ይለወጣል። ክሪስታሎቹ ተያይዘው በሚሠሩት መረብ ውስጥ ዘይቱ ስለሚታሰር ውህዱ ይረጋል፤ ጄል የምንለውም ይህንኑ ነው። ዘይቱ መዓዛማ ሲሆን ለቅባትና ለሽቶ የሚያገለግል ምርት ይገኛል። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከታወቁት የሰም አምራቾች አንዷ ስለሆነች፣ ከደጋው ጦስኝ እስከ ቆላው ዕጣንም የመዓዛማ ዘይት ምንጭ ስላላት፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ወደዚህ ርእስ ማዘንበላቸው ተገቢ ነው።

የሚያከራክረው ጄሉ «ጽኑ» የሚባለው መቼ ነው የሚለው ነው። ቀላሉ ፈተና ጠርሙሱን ገልብጦ ይዘቱ አለመፍሰሱን ማየት ነው። ይህ ፈተና ውህዱ በዚያ ሰዓት መርጋቱን ያሳያል፤ መጽናቱን ግን አያሳይም። በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ በዚህ ፈተና ብቻ ተመሥርቶ ጽናትን የሚያውጅ ዘገባ ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባም። ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛው የመዓዛማ ዘይት ጠባይ ነው። ከኑግና ከሰሊጥ ዘይት በተለየ የመዓዛማ ዘይት ሞለኪውሎች ትናንሽ ናቸው፤ ሰምንም በቀላሉ ያሟሟሉ። ከፓይን ዛፍ ሙጫ የሚገኘው ተርፐንታይን ከንብ ሰም ጋር ተዋሕዶ የእንጨት ዕቃ ማወልወያ ሆኖ የኖረው በዚሁ ጠባዩ ነው። ስለዚህ በምግብ ዘይት የተሳካ የሰም መጠን እንዳለ ለመዓዛማ ዘይት ይሠራል ማለት አይቻልም። ከዚህም በላይ ዘይቱ ይተናል፤ ከአየር ጋር ሲገናኝም ይለወጣል። በብርቱካን ልጣጭ ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሊሞኒን በአየር ሲበላሽ የቆዳ አለርጂ የሚያስከትሉ ውሁዶችን ይፈጥራል። ቅርጹን የጠበቀ ጄል ይዘቱን ላይጠብቅ ይችላል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ቢሆንም፣ በዘይት ውስጥ ግን ከዚያ ባነሰ ሙቀት መሟሟት ይጀምራል። በአዲስ አበባ ቤተ ሙከራ ያልፈሰሰ ጄል፣ ዕጣኑ በሚለቀምበት በመተማ ቆላ፣ የቀን ሙቀት 40 ዲግሪ በሚደርስበት ወራት ዘይቱን ሊያነጥብ ይችላል። የአቀዛቀዙ ፍጥነትም የክሪስታሎቹን መጠንና ቅርጽ ስለሚለውጥ፣ ፍጥነቱ ያልተመዘገበ ሙከራ በሌላ ሰው እጅ መደገሙ ያጠራጥራል።

ሦስተኛው ሰሙ ራሱ ነው። ከጠጅ ሰፈፍ የተጣራ ሰምና ከቀፎ በቀጥታ የወጣ ሰም ንጽሕናቸው አንድ ላይሆን ይችላል፤ ሞራ ወይም ፓራፊን የተቀላቀለበትም በሚቀልጥበት ሙቀት ከንጹሑ ሊለይ ይችላል። «ሰሙ ከገበያ ተገዛ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለቀጣዩ ተመራማሪ የሚነግረው ነገር የለም።

የማስተርስ ጥናት ጊዜ አጭር ስለሆነ ናሙናን ለወራት አቆይቶ መከታተል ይከብዳል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው እውነትነት አለው፤ ሆኖም ከባዱ ፈተና ብቸኛው ፈተና አይደለም። ናሙናን በ40 ዲግሪ ምድጃ ማቆየት፣ እያሞቁና እያቀዘቀዙ ማፈራረቅ፣ ክብደቱን በየሳምንቱ መመዘን፣ በማጥለያ ወረቀት ላይ የሚወጣውን ዘይት መለካት ከተራ ሚዛንና ምድጃ የበለጠ ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። ለዚህም ጊዜ ያላገኘ ተመራማሪ «ረግቷል» ብሎ ማቆም ይችላል፤ ይህ ሐቀኛ ውጤት ነው።

ጉዳዩ የቃላት ጥራት ብቻ አይደለም። ቀመሩን ከዘገባው ወስዶ በትንሽ ካፒታል ቅባት ለማምረት የሚነሣ ማኅበር ሰሙንም ዘይቱንም የሚገዛው በራሱ ገንዘብ ነው። ምርቱ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ዘይቱና ሰሙ ቢለያይ ኪሳራው የማኅበሩ፣ ቀጥሎም የንብ አናቢውና የዕጣን ለቃሚው ይሆናል። «ጽኑ» የሚለው ቃል ከመጻፉ በፊት በስንት ዲግሪ ሙቀት፣ ለስንት ቀን፣ በየትኛው ሰም የሚለው በቁጥር ይቅደም።