የዛፉ ዋጋ ተቆጥሯል፤ የቆራጩስ?



ባለፈው ኅዳር ከመኝታ ቤታችን ጀርባ የነበሩት ያረጁ ባሕር ዛፎች ሲቆረጡ ብዙዎቻችን በመስኮት ሆነን ተመልክተናል። ቆራጮቹ አራት ነበሩ። የያዙት መሣሪያ ሁለት ምሳር፣ አንድ መጋዝና አንድ ገጀራ ነበር። በራሳቸው ላይ ያለው የሹራብ ቆብ፣ በእግራቸው ያለው የላስቲክ ጫማ ነው። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንዱ ዛፍ ሲወድቅ በጎረቤቱ ዛፍ ቅርንጫፍ ተይዞ ተንጠለጠለ። ሊያስለቅቀው ከሥሩ የገባው ሰው እግሩ ተሰበረ። ጓደኞቹ በጋቢ አድርገው ተሸክመውት ሄዱ። ሥራውን የሰጣቸው ሰው ለሕክምናው አንድ ሳንቲም አልከፈለም፤ ይባስ ብሎም የዚያን ዛፍ ሒሳብ «መሬት አልነካም» ብሎ ቀነሰባቸው።

በዚያው ዕለት በሻይ ቤት የሰማሁት ንግግር ግን ከአደጋው የበለጠ አሳዘነኝ። አንዱ «ምን ይደረግ፤ ሙያው ነው» አለ። ሁለተኛው «ራሱ ነው ያልተጠነቀቀው» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «የተማረ ቢሆን ኖሮ እዚያ ሥር አይገባም ነበር» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ሦስቱም የተማሩ ሰዎች ናቸው። ይህን የምጽፈው ለእነዚህ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች መልስ ለመስጠት ነው።

አስቀድመን ግን ሰውየው ማን እንደ ሆነ እንወቅ። ከእንጅባራ ተነሥተን በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ ዳንግላ ስንጓዝ ግራና ቀኙን አረንጓዴ ሆኖ የምናየው አብዛኛው ተክል ዲከረንስ ነው። ዲከረንስም ሆነ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጡ ናቸው። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው አፈሩ ኮምጥጦ እህል አልሰጥ ሲል ገበሬው ችግኙን ከጤፍ ጋር አብሮ ተከለ፤ ጤፉን በመጀመሪያው ዓመት ዐጨደ፤ ቀጥሎ ሣሩን ለከብቱ ሰበሰበ፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን አስቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ አከሰለው፤ ከዚያም መሬቱን መልሶ አረሰው። ይህ የገበሬው የራሱ ጥበብ ነው፤ የሚገባውንም ምስጋና አግኝቷል። ስለ አፈሩ ለውጥ፣ ስለ ደን ሽፋኑ መጨመርና ስለ ገበሬው ገቢ ማደግ ብዙ ጥናት ተጽፏል። ከመምህራኖቻችንም በዚሁ የተመራመሩ አሉ።

ነገር ግን ዛፉ ራሱን ቆርጦ፣ ራሱን ተሸክሞ መኪና ላይ አይወጣም። በችግኙና በከሰሉ መካከል አንድ ሰው አለ። ይኸውም መሬት የሌለው ወይም መሬቱ የማይበቃው ወጣት ነው። ነጋዴው ዛፉን በቁሙ ይገዛል፤ ደላላው ቆራጭ ይፈልጋል፤ ቆራጩም በቁርጥ ዋጋ ይገባል። ይጥላል፤ ቅርንጫፉን ይመለምላል፤ ግንዱን በልክ በልክ ይከትፋል፤ ይከምራል፤ ሣርና አፈር ያለብሳል፤ እሳት ይለኩሳል። ከሰሉ በነፋስ ተነሥቶ ዐመድ እንዳይሆን ሌሊቱን ሲጠብቅ ያድራል፤ ጭሱንም ሲተነፍስ ያነጋል። ባሕር ዛፍ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ቋሚውን፣ ወራጁን፣ አጠናውንና ማገሩን ለይቶ እስከ መንገድ ድረስ በትከሻው ያወጣል። የከተማው ሕንፃ የሚሠራበት መወጣጫ ከዚህ ትከሻ ላይ የወረደ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንምጣ። «ሙያው ነው» ተባለ። እውነት ነው፤ ዛፍ መጣል በዓለም ሁሉ አደገኛ ሙያ ነው። በአሜሪካ አገር የራስ ቁር፣ መከላከያ ሱሪና ሥልጠና ባለበት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ100,000 የእንጨት ቆረጣ ሠራተኞች 100 ያህሉ በሥራ ላይ ሞተዋል፤ በዚያው ዓመት የጠቅላላው ሠራተኛ ቁጥር ከ100,000 ሰው 3.7 ብቻ ነበር። ነገር ግን ይህን ቁጥር የሚያውቁት ስለ ቆጠሩ ነው። ሟቹን ስለ ቆጠሩም መሣሪያውን አሻሻሉ፤ ሕግ አወጡ፤ አሠሪውን ጠየቁ። እኛ ዘንድ የእግሩ ስብራት በወጌሻ ታሽቶ፣ የሞቱም ነገር በለቅሶ ቤት ተወርቶ ያልቃል። አደጋን «ሙያው ነው» ብሎ መዝጋት የሚቻለው ሟች በማይቆጠርበት አገር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «አልተጠነቀቀም» የሚለው ነው። ጥንቃቄ ምን እንደሚጠይቅ እንይ። ዛፍ የሚጥል ሰው መጀመሪያ ዛፉ ወዴት እንዳዘነበለ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ከላይ የደረቀ ቅርንጫፍ እንዳለ ይመለከታል። ቀጥሎ የሚሸሽበትን መንገድ ይመነጥራል። መንገዱ ዛፉ ከሚወድቅበት ተቃራኒ ሆኖ ወደ ጎን ያገደመ መሆን አለበት፤ ግንዱ ተስፈንጥሮ በቀጥታ ወደ ኋላ ሊመታ ይችላልና። ከዚያ በሚወድቅበት በኩል ከግንዱ ውፍረት ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ የሚገባ አፍ ይከፍታል። ከኋላ የሚገባው መጋዝ ከዚህ አፍ ጥቂት ከፍ ብሎ ይገባል እንጂ እስከ መጨረሻው አይዘልቅም። ከውፍረቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ሳይቆረጥ ይቀራል፤ ይህም እንጨት እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን እየመራ ያወርደዋል። መጋዙ እንዳይያዝ፣ ዛፉም ወደ ቆራጩ እንዳይመለስ ከኋላ ሽብልቅ ይመታል። ከዛፉ ቁመት እጥፍ በሆነ ርቀት ውስጥ ሌላ ሰው አይቆምም። ዛፉ ተይዞ የተንጠለጠለ እንደ ሆነም ማንም ከሥሩ አይገባም፤ ራቅ ብሎ በገመድ ይጎተታል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። የቁርጥ ዋጋ የሚከፍለው ግን ለወደቀ ዛፍ እንጂ ለተመነጠረ መንገድ አይደለም። ምሳሩን በሞረድ ለመሳል ቁጭ ያለ ሰው፣ የላላ ዛቢያ ለማጥበቅ የቆመ ሰው፣ ባልደረባው እስኪርቅ የጠበቀ ሰው፣ በዚያች ደቂቃ ያለ ደመወዝ ነው። የመጣው አይሱዙ እስከ ማታ ካልተጫነ ደላላው ይጮኻል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዋግ መሰል የፈንገስ በሽታ በዲከረንሱ ላይ ስለ ወረደ፣ ገበሬው ዛፉ ሳይደርቅበት ለማስቆረጥ ይቸኩላል፤ የታመመና የደረቀ ዛፍ ደግሞ ከጤነኛው ይልቅ ቅርንጫፉ በድንገት ይሰበራል። ጥንቃቄን በሚቀጣና ጥድፊያን በሚሸልም ዋጋ ሰውን ቀጥሮ፣ በኋላ «ለምን አልተጠነቀቅህም» ማለት ፍርድ ነውን? ያ እግሩ የተሰበረው ሰው ከሥር የገባው ሞኝ ስለ ሆነ አልነበረም። ገመድ አልተሰጠውም፤ የተንጠለጠለው ዛፍ ካልወረደ ደግሞ የአራት ሰው ሒሳብ አይከፈልም። ሒሳቡም በእርግጥ አልተከፈለም።

«የራስ ቁርና ገመድ ይገዛ ቢባል ዋጋው በድኻው ገበሬ ላይ ይወድቃል» የሚል ይኖራል። ሽብልቅ ግን እዚያው ከወደቀው እንጨት ተጠርቦ ይሠራል፤ ዋጋ የለውም። የመሸሻ መንገድ የሚመነጠረው ቆራጩ በያዘው ገጀራ ነው። ገመድና የራስ ቁርም ቢሆን ብዙ ዓመት ያገለግላሉ፤ ነጋዴው አንዴ ገዝቶ ከማሳ ወደ ማሳ ሊያዘዋውራቸው ይችላል። ዕዳው ዛሬ የሚወድቀው በማን ላይ እንደ ሆነ ደግሞ አይተናል፤ አልጋ ላይ በቀረው ሰውና በቤተሰቡ ላይ ነው። ሞተር መጋዝ ቢመጣ ችግሩ ይቃለላል የሚሉም አሉ። ሞተር መጋዝ ያለ ሥልጠና በእንዲህ ያለ ውል ቢሰጥ አደጋውን ማፍጠን ነው እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም።

ሕግ የለም እንዳይባልም ሕግ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተወሰነ ሥራ የሚደረግን የሥራ ውል ያውቃል። ውል በጽሑፍ ባይሆንም እንኳ ውልነቱ አይቀርም። አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲሰጥና አሠራሩን እንዲያስረዳ ግዴታ ይጥልበታል። በሥራ ላይ ጉዳት በደረሰ ጊዜም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው ይላል። ከኃላፊነት የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆነ ብሎ ራሱን የጎዳ እንደ ሆነ ነው፤ ለዚህም አዋጁ ከሚጠቅሳቸው ምሳሌዎች አንዱ በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስ ነው። መመሪያ ያልተሰጠው ሰው ግን ምን ጣሰ ሊባል ነው? ኢትዮጵያም ስለ ሠራተኞች ደኅንነትና ጤንነት የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥር 155 ከተቀበለች ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ሠላሳ ዓመት አልፏታል።

ነጋዴው በዚህ ጊዜ «እኔ አሠሪ አይደለሁም፤ ሥራውን በኮንትራት ነው የሰጠሁ» ይላል። እስቲ እንጠይቀው። የትኛው ዛፍ እንደሚቆረጥ የሚናገረው ማን ነው? ግንዱ በምን ልክ እንደሚከተፍ፣ በየትኛው ቀን እንደሚደርስ የሚያዘውስ? ያልጣመውን ቆራጭ በማግሥቱ የሚያሰናብተውስ? ሲያዝ አሠሪ፣ ሲጠየቅ መንገደኛ መሆን አይቻልም።

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር «የተማረ ቢሆን ኖሮ» የሚለው ነው። ይህኛው እኛኑ የሚነካ ስለ ሆነ መጨረሻ አስቀርቼዋለሁ። ከላይ ስለ አፉ፣ ስለ ማጠፊያውና ስለ ሽብልቁ የጻፍሁት ምሥጢር አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ ደን ሥራ ደኅንነት ባወጣው መመሪያ ውስጥ ይህን የመሰለ ትምህርት ታትሟል። በአገራችንም በወንዶ ገነት ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የደን ባለሙያዎች ሲሠለጥኑ ኖረዋል። ዕውቀቱ አለ፤ ያለውም እኛ ዘንድ ነው። ከቆራጩ የሚለየን የግቢ አጥር ብቻ ሲሆን፣ እኛ ዕውቀቱን ለፈተና አጥንተን ከፈተና በኋላ እንረሳዋለን፤ እሱ ደግሞ ያንኑ ትምህርት በአጥንቱ ይማረዋል። እንግዲህ «ያልተማረ» የሚለው ስድብ በማን ላይ ሊወድቅ ይገባዋል? ያላገኘው ሰው ላይ ነው ወይስ ይዞ ዝም ባለው ላይ?

በመስኮት ቆሜ ካዩት አንዱ እኔ ነኝ። ዛፉ ሲንጠለጠል «ይህ አደጋ ነው» ብዬ ማወቄን አልክድም፤ ወርጄ ግን አልተናገርሁም። ስለዚህ ይህ ክስ ከራሴ የሚጀምር ነው።

ወቀሳ ብቻውን ዳቦ አይሆንምና የሚቻለውን ልናገር። በመጀመሪያ፣ ከግቢያችን እንጀምር። በዚህ ግቢ ዛፍ ለማስቆረጥ ውል ሲፈጸም የቆራጮቹ የጉዳት ካሣና የመከላከያ መሣሪያ በውሉ ውስጥ እንዲጻፍ፣ ሒሳቡም የዝግጅቱን ጊዜ ጨምሮ እንዲታሰብ ኅብረታችን ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ የደን ትምህርት መምህራንና ተማሪዎች በቅዳሜ ገበያ ቀን ቆራጮቹ ወደሚሰበሰቡበት ሄደው፣ በአማርኛና በአዊኛ፣ በእውነተኛ ግንድ ላይ ያስተምሩ። ሲያስተምሩም ይማሩ፤ ዐሥር ዓመት ዛፍ የጣለ ሰው ስለ ዛፍ አወዳደቅ የሚነግረን ብዙ አለው። ሦስተኛ፣ የሕግ ተማሪዎች የተጎዳ ቆራጭ አቤቱታ ሲኖረው ጽፈው ይስጡት። አራተኛ፣ የተጎዱትን እንቁጠር። በየቀበሌው እየዞርን ማን፣ መቼ፣ በምን ሥራ ላይ እንደ ተጎዳ እንመዝግብ። ስለ ችግኙ ቁጥር ያለን መዝገብ ስለ ሰውም ይኑረን።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቆራጮቹ ራሳቸው መደራጀታቸው ነው። ብቻውን የቆመ ቆራጭ ደላላውን «ያለ ገመድ አልገባም» ቢለው በማግሥቱ ሌላ ይተካበታል። ሁሉም በአንድ ቃል ቢሉት ግን ገመዱ ይመጣል። ለአዊ ሕዝብ መደራጀት እንግዳ ነገር አይደለም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ አለ፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በአደባባይ ሲወጣ እናያለን። በዐድዋ የዘመተውን ፈረስ ውለታ እንዳይረሳ ብሎ ማኅበር ያቆመ ሕዝብ፣ ቤቱን የሚያቆምለትንና እሳቱን የሚያነድለትን ሰው ማኅበር ማቆም እንዴት ያቅተዋል?

አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። ከመኝታ ቤታችን ጀርባ ገና ያልተቆረጡ ሰባት ባሕር ዛፎች ቆመዋል። ሲቆረጡ እንደ ገና በመስኮት እናያለን ወይስ ወርደን እንቆማለን? መልሱን በሚመጣው የኅብረቱ ስብሰባ ላይ እጠብቃለሁ።

አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ